ሃምሳ ከመቶ

ሽማግሌው የኦክስጅን ጭምብላቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ አልጋቸው ላይ አርፈዋል። አስታማሚያቸው ኮሪደሩ ላይ በካቴና ታስራ ቆማለች። መርማሪዋ ይህን ስታይ ፊቷ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተኮማተረ። ድሃ ማሰር ለማንም ይቀላል።

የሟቹ ልጅ ኢንጂነሩ ሳይጠየቅ ጀመረ። «መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ የኦክስጅን ማሽኑ በባትሪ ነው የሚሠራው። እኔ ስገባ እየሠራ ነበር። ይኸው፣ ሃምሳ ከመቶ ይላል። ጭምብሉን አንስታ አፍናቸው ነው የሮጠችው። በማሽን የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ።»

ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእሱ ግን ምላሱ ላይ ነበር።

አስታማሚዋ ድምፅዋ እየተቆራረጠ መለሰች። «ማሽኑ ባትሪው ሊያልቅ ነው ብሎ ሲጮህ፣ ማታ ሞልቼ ቻርጀሩ ላይ የተውኩትን ትርፍ ባትሪ ፈለግኩ። የለም። ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። ነርስ ይዤ ስመለስ አርፈዋል።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ሁለቱም ልጆቻቸው።»

እህትየው ሳሎን ውስጥ ስልኳን ይዛ፣ ኩሏ እንዳይበላሽ ተጠንቅቃ ታለቅሳለች። «እኔ ስልክ እያወራሁ ነበር። ጩኸቱ ሲያስቸግረኝ በሩን ዘጋሁት።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰብስባ የማሽኑን ክዳን ከፈተች።

«ስክሪኑ የሚያሳየው የሁለት ባትሪዎችን አማካይ ነው። እስቲ ለየብቻ እንያቸው።» የአንደኛውን ቁልፍ ስትጫን ባትሪው ላይ ያሉት አራቱም የቻርጅ መጠን መብራቶች በሩ። የሁለተኛው አንድም አልበራም። «አንደኛው ሙሉ፣ ሁለተኛው ባዶ። ማሽኑ ሁለተኛውን የሚነካው አንደኛው ተሟጦ ሲያልቅ ነው። ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ኢንጂነር ማንበብ ሰልችቷቸው ይሆናል። ታዲያ አንደኛው ከየት ሞላ?»

ክዳኑን ዘግታ ወደ ሁሉም ዞረች።

«ሁለቱም አልቀው ማሽኑ ቆሟል። ትርፉ ባትሪ የገባው ሰውየው ከሞቱ በኋላ ነው። የደበቀው ሰው መልሶ ያስገባው እሷን ውሸታም ለማድረግ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ኢንጂነሩ።

«ባትሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ማሽኑ ውስጥ ሁለት አሉ፣ ቻርጀሩ ላይ ምንም። የወጣው ባዶ ባትሪስ? እሷ ወደ ክሊኒክ ከመሮጧ በቀር ከዚህ ቤት የወጣ ሰው የለም። እህትዎ በስስ ቀሚስ ናቸው። እርስዎ ግን በዚህ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ቀኝ ኪስዎን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።»

አስታማሚዋን ያሰረው ፖሊስ እጁን ኢንጂነሩ ኪስ ከትቶ ባዶውን ባትሪ አወጣ።

«ቤቱን አልሸጥም ብለው አስቸገሩን» አለ ኢንጂነሩ፣ አሁንም ትክክል ነኝ በሚል ድምፅ። «ደግሞም ሐኪሙ ቀናቸው ቀርቧል ብሎ ነበር።»

«ከቀረበ መጠበቅ ያቅትሃል?» አለችው፣ እርስዎ ማለቱን ትታ። ተጸይፋው ነበር፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። ካቴናው ከአስታማሚዋ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ።

አስታማሚዋ የእጇን አንጓ እያሸች አልጋውን ተመለከተች።

«ትቻቸው ለመሄድ ፈርቼ ነበር» አለች። «አባባ ግን ‹ሂጂ፣ ግድ የለም፤ ልጆቼ አሉልኝ› አሉኝ።»