በሁዳዴ ሥጋ የበላው

ኢሊሊ ከሥጋ ቤቱ ወጥታ ጥቁሩን ፌስታል ሹራቧ ውስጥ ልትወሽቀው ስትል እትዬ ዲሪቤን ፊት ለፊቷ ቆመው አገኘቻቸው። ጎረቤታቸው ናቸው። ከቅዳሴ እየተመለሱ ስለነበር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነው። ዓይናቸው ከኢሊሊ ወደ ፌስታሉ፣ ከፌስታሉ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደ። የሰፈሩ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ለሁዳዴ ጾም ተዘግተዋል፤ ክፍት የነበረው የጋሽ ጀላሉ የሙስሊም ሥጋ ቤት ብቻ ነው።

«ማን ልኮሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ሰው ነው እትዬ» አለችና ሹልክ ብላ አለፈች። መዋሸት አይሆንላትም። የሚሆንለት ሰው ቢያንስ የላከውን ሰው ስም ያዘጋጃል።

ጓሮ ያለው የዶሮ ቤት ዶሮዎቹን ፈንግል ከፈጃቸው ወዲህ ባዶ ነው ትላለች እናቷ። ባዶ አይደለም፤ ኦቦ አለበት።

ኦቦ አርጃኖ ነው፤ ትልቅ እንሽላሊት ይመስላል፣ ከነጅራቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት የሆነውን ስሙን ያወጣችለት አረማመዱን አይታ ነው፤ እንደ ሰፈር ሽማግሌ ግራ ቀኙን እየገላመጠ፣ ሳይቸኩል ይራመዳል። ክረምቱ ሲወጣ ልጆች ወንዝ ዳር በድንጋይ ሲያሳድዱት እግሩን ሰብረውት ስለነበር በሹራቧ ጠቅልላ አመጣችው። እስኪድን ብላ ነበር። ከዳነ ሦስት ወር አለፈው።

ከያዮ ወደ መቱ ከመጡ ዓመት ሞልቷቸዋል። እናቷ ሆስፒታል ልብስ ታጥባለች፤ ስትመለስ እጇ አብጦ፣ ለወሬ አቅም አጥታ ነው። ጋምቤላ መኪና የሚነዳው አባቷ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ አሁን ሲያስታውስ ነው። የክፍሏ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተጓደኑ ስለሆኑ ለአዲስ ሰው ቦታ አልተረፋቸውም። ኢሊሊ ብቸኛ ነበረች፤ እሷም ታውቀዋለች።

እውነት ለመናገር ኦቦም ጥሩ ጓደኛ አይደለም። ሲጠሩት አይመጣም፤ ሁለት ጊዜ በጅራቱ ገርፏታል። ግን ስታወራው ምላሱን ወጣ ገባ እያደረገ ትክ ብሎ ያያታል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ የሚያያት ሌላ ሰው የለም።

ጾሙ ሲገባ ለኦቦ የምትሰጠው እንቁላል ከቤት፣ ሥጋ ከሰፈር ጠፋ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠውን የጋሽ ጀላሉን ልጅ ሩዋይዳን፣ «ለውሻችን ሳንባ ምናምን አይተርፋችሁም?» አለቻት። ሩዋይዳ አባቷን አስፈቅዳ በየሁለት ቀኑ ትርፍራፊውን ታስቀምጥላት ጀመር። ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ኢሊሊ ያን ቀን በጉጉት ትጠብቀው ነበር።

እትዬ ዲሪቤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ካገኟት በማግስቱ አመሻሽ ላይ እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬው ግቢውን ሁሉ አዳርሶ ነው ኢሊሊ ጋ የደረሰው።

«በሁዳዴ?» አለች እናቷ። «ያውም የሙስሊም ሥጋ? እኔ ሽሮ ሳቀርብልሽ፣ አንቺ ተደብቀሽ?»

ኢሊሊ እውነቱን መናገር ፈራች። እናቷን አርጃኖ እንኳን ግቢዋ ገብቶ፣ ስሙም ሲነሳ ይዘገንናታል። ላም ይጠባል፣ የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ብታውቅ ሰው ጠርታ በዱላ ታስገድለዋለች። ቁጣው ያልፋል፤ ኦቦ ግን ከሞተ ሞተ።

«ለጀላሉም ሄጄ ነግሬዋለሁ» አለች እናቷ። «ሰው ፊት ነው የነገርኩት። ልጄን በጾም ሥጋ እያበላህ አታባልግብኝ ብዬዋለሁ።»

ኢሊሊ ይሄን አላሰበችም ነበር።

ጠዋት ሩዋይዳ ወንበር ቀይራ ጠበቀቻት። በእረፍት ሰዓት ኢሊሊ ተከተለቻት።

«ማሎ፣ እባክሽ ተይኝ» አለች ሩዋይዳ። «አባዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በጾማችሁ ለክርስቲያን ልጅ ሸጦ አያውቅም። ላንቺ የሰጠው ለውሻ ነው ስላልኩት ነው። ትናንት ሱቁን ዘግቶ ተኛ፤ እራትም አልበላ። ለእናትሽ የውሻ ነው ማለት አቃተሽ?»

«ውሻ የለንም።»

«እና እኔንም ፎግረሽኛል?» ሩዋይዳ ትታት ሄደች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኢሊሊ የዶሮ ቤቱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ኦቦ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባዋ ፀሐይ ላይ ተጋድሟል። ዝም ብትል አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ትሰደባለች፤ እሱ ግን ይኖራል። ጋሽ ጀላሉም ምንም ሳያጠፋ ስሙ ጠፍቶ ይኖራል። እንባዋ መጣ። ኦቦ ምላሱን አወጣ፣ አስገባ።

እናቷ ከሥራ ስትመጣ ኢሊሊ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት፤ የዶሮ ቤቱን ሳንቃም ከፈተች። እናቷ ወደ ኋላ ስትፈናጠር ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሦስት ጊዜ አማተበች።

«ሥጋውን የሚበላው እሱ ነው» አለች ኢሊሊ። «እኔ ጾሜን ገድፌ አላውቅም።»

«ይሄ ሁሉ ጊዜ ከዚህ ጋር ነው የምታወሪው?» አለች እናቷ። «ጓሮ ድምፅሽን ስሰማ እኮ በስልክ የምታወሪ ይመስለኝ ነበር።» ወዲያው ግን ፊቷ ጠነከረ። «ዛሬውኑ ይውጣ። አለዚያ ሰው እጠራለሁ።»

«ይወጣል። መጀመሪያ ግን ጋሽ ጀላሉ ጋ ነው የምወስደው። አንቺም ትመጪያለሽ።»

ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ስታስገባው በጅራቱ ክንዷን ሰነበረው። እትዬ ዲሪቤ በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብላ የማዳበሪያውን አፍ ገለጥ አደረገችላቸው። እትዬ ዲሪቤ አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሰላምታ እንኳን ረሱ።

ጋሽ ጀላሉ ከሚያጥቡት የሥጋ መክተፊያ ግንድ ቀና ብለው እናቲቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ኢሊሊ ማዳበሪያውን መሬት ላይ አድርጋ ከፈተችላቸው። አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጾም የገደፈው ይሄ ነው?» አሉ።

«አዎ፤ ውሻ ብዬ ዋሽቻችኋለሁ» አለች ኢሊሊ።

እናቷ ነጠላዋን አስተካክላ ወደፊት ራመድ አለች። «ጋሼ፣ ሰው ፊት ነው ያስቀየምኩዎት። ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።» ሥጋ የሚገዙት ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት።

«እኔም ልጅ አለኝ» አሉ ጋሽ ጀላሉ፤ ወደ ግንዳቸው ተመለሱ። ፊታቸው ተፈትቶ ነበር።

ሩዋይዳ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ኢሊሊ የማዳበሪያውን አፍ አስራ ልትሸከም ስትታገል ቀረብ አለች።

«ስሙ ማነው?»

ኢሊሊ ያንን ስም ለሰው ተናግራው አታውቅም። «ኦቦ» አለች።

«የት ልትወስጂው ነው?»

«ወደ ሶር ወንዝ። እንደ እሱ ያሉት እዚያ ይኖራሉ ይባላል።»

«ልምጣ?»

ብቻዋን ልትሰናበተው አስባ ነበር። ስታለቅስ ማንም እንዲያያት አልፈለገችም። ሩዋይዳ አልተጠጋችም፣ አልሄደችምም።

«በዚያ በኩል ያዢልኝ» አለች ኢሊሊ። «ከጅራቱ ግን ራቂ።»