እቴቴ የቆመችበት ወር

«ነገርሽው?» አለች አፍራ፣ ገና ከትምህርት ቤቱ በር ሳይወጡ።

«ነገርኩት።»

«እና ለምን አይመጣም? አባቴ ከማክሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ስር ደብቆ ይዞለታል። አንድ ሾፌር አይቶት ካልወሰድኩ እያለ ነው። ወላሂ ነገ ቢሸጥ እኔ የለሁበትም!»

«ይመጣል አልኩሽ እኮ! ምን እንዲህ ያደርግሻል?» አለች እድላዊት።

አፍራ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ ሙድሽ አላማረኝም» ብላ የአባቷ ሱቅ ወዳለበት ወደ ምናለሽ ተራ ታጠፈች።

እድላዊት ለአባቷ አልነገረችውም።

አባቷ ማስረሻ ከጎጃም ወደ እህል በረንዳ ጤፍ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። የሚነዳት የጭነት መኪና እድላዊትን በአስራ አምስት ዓመት ትበልጣታለች፤ ዕድሜዋን አክብሮ «እቴቴ» ይላታል። ባለፈው ወር ዓባይ በረሃን ስትወርድ የመሪዋ ዘይት ፈላ። መሪው ደረቀ፤ በሁለት እጁ ታግሎ ነው ከገደሉ አፍ የመለሳት። መካኒኩ አያትና፣ «ለመሪው ዘይት ማቀዝቀዣ ካልገጠምንላት በረሃ እንዳትወርድ» አለው። እቴቴ ከፋብሪካ ስትወጣም ማቀዝቀዣ አልነበራትም። ያለው መላ ከሌላ መኪና የወጣ አንድ ፈልጎ ራዲያተሯ ፊት ማሰር ነበር። የአፍራ አባት ጋሽ ሙህዲን አሮጌ መለዋወጫ ስለሚሸጡ፣ መልእክቱ በሁለቱ ልጆች በኩል ተላከ። ማክሰኞ ተገኘ። ዛሬ አርብ ነው። አባቷ በየማታው «ከነአፍራ ምንም ወሬ የለም?» ይላል፤ እሷም «ገና ነው» ትላለች።

እቴቴ ሰባተኛ ሰፈር አንድ አጥር ስር ከቆመች ወር ሞላት። በዚህ ወር አባቷ ራት ላይ ነበር። የሒሳብ ደብተሯን እያገላበጠ፣ «ይሄ ኤክስ የሚሉት ሰውዬ ዛሬም አልተገኘም?» ይላታል። እቤት ውስጥ ሲያስል ይሰማታል። ከዚያ በፊት አባቷ የስልክ ድምፅ ነበር። «የት ደረስክ?» ትለዋለች፤ «ጎሃ ጽዮን» ይላል፤ «አሁንስ?» ትለዋለች፤ ኔትወርክ ይቆረጣል።

ወደ ቤት ስትሄድ በእህል በረንዳ አቋረጠች። አባቷን አንድ ጤፍ የሚያራግፍ መኪና ጥግ ቆሞ አገኘችው። ከጋቢናው የወረደውን፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ የለበሰ ወጣት ሾፌር ይዞት ነበር።

«የት አደራችሁ?»

«ደጀን።»

«ያቺን ሦስተኛዋን ኩርባ ጠገኗት?»

«ኧረ የት! እንደተቦረቦረች ናት።»

«ጭጋግስ? ጠዋት ጠዋት ጭጋግ አለ?»

«ጋሼ፣ በቃ ይምጡና እርስዎ ይንዱልኝ፤ እኔ ልተኛ!»

ጆንያ የሚሸከሙት ሁሉ ሳቁ። አባቷም ሳቀ። እጁ ግን በተከፈተው በር ገብቶ መሪው ላይ አርፏል፤ የረሳው ይመስላል።

እድላዊት ያንን አጠያየቅ ታውቀዋለች። የራሷ ነው። የት ደረስክ፣ አሁንስ፣ ከዚያስ፤ መልሱ እንዳያልቅ የሚጠየቅ ጥያቄ።

«አባዬ።»

ዞረ። «መጣሽ?»

«ተገኝቷል።»

«ምኑ?»

«ማቀዝቀዣው። ማክሰኞ ነው የተገኘው።»

ጣቱን አጠፈ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ። «ዛሬ አርብ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ፊቷን ትንሽ አየና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወስዶ በራሱ ትከሻ አንጠለጠለው። «በይ ቅደሚ» አለ። «የነአፍራን ሱቅ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ጋሽ ሙህዲን ማቀዝቀዣውን ከወንበራቸው ስር ጎትተው አወጡት። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ሁለት አፍ ያለው፣ ስስ ክንፎች የተደረደሩበት ነገር ነው።

«ጤነኛ ነው?» አለ አባቷ።

«እኔን አይመኑ፤ ባልዲውን ይመኑ» አሉ ጋሽ ሙህዲን። ውኃ የሞላ ባልዲ በእግራቸው ገፋ አደረጉላቸው፤ የማቀዝቀዣውን አንዱን አፍ በጎማ ደፍነው በሌላው ላይ ቱቦ ሰኩና ሌላ ደንበኛ ሲጠራቸው ሄዱ። አፍራ ከሱቁ ጥግ ሆና እድላዊትን ታያታለች።

«እኔ ስነፋ አንቺ ውኃውን እዪ» አለ አባቷ። «አረፋ ከወጣ ያፈሳል ማለት ነው። ዘይቱን በረሃ ላይ ከሚደፋብኝ እንተወዋለን።»

ቱቦውን አፉ ውስጥ ከተተ። ጉንጩ ተነፋ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። እድላዊት ማቀዝቀዣውን ይዛ ውኃው ውስጥ አሰጠመችው። ሦስት አራት አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከዚያ ቆመ። አረፋው ክንፎቹ መሃል የቀረ አየር ብቻ ነበር። ውኃው ረጋ።

«እ?» አለ አባቷ ቱቦውን ሳያወጣ፣ ዓይኑን ወደ እሷ አዙሮ። ካለበት ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ አይታየውም።

አንድ ቃል ነው። ያፈሳል ብትል እቴቴ አጥሩ ስር ትቆያለች፤ ራቱም፣ ሳሉም፣ ኤክስ የሚሉት ሰውዬም ይቆያሉ።

እጇ እስከ ክርኗ ቀዝቅዟል። ማቀዝቀዣውን ውኃው ውስጥ ቀስ ብላ ገለበጠችው።

«በደንብ ንፋ፣ አባዬ» አለች፣ ፊቷን ወደ ባልዲው አስጠግታ። «ይሄኛውን ጎን ገና አላየሁትም።»