ከመርዶው በፊት የተጻፈ ልቅሶ

«ወንድሟ የፊት ጥርሱ ግማሽ ነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ የውዴ እስክሪብቶ ቆመ።

ዐረፍተ ነገሩን እንደገና አነበበችው። የመምህር ፈንታሁን የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ምናልባት ተሳስቼ አንብቤ ይሆናል ብላ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። አልተሳሳተችም። የምትገለብጥላቸው ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ ሰናይት፣ አንድ ወንድም አላት። ወንድሟ ልጅ ሳለ ከበቅሎ ወድቆ የፊት ጥርሱ ለሁለት ተሰብሯል። ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ተሻግሯል። ለእኅቱ ባለ ዚፕ ቀይ ሹራብ ሊያመጣላት ቃል ገብቷል።

ውዴ ይህን ሰው ታውቀዋለች። ንጋቱ ነው፣ የማስተዋል ወንድም። ማስተዋል ደግሞ ጓደኛዋ ናት። ሁለቱም ለትምህርት ከደሃና ገጠር መጥተው ሰቆጣ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። አንድ ቁርበት ላይ ይተኛሉ፤ በአህያ የሚላክላቸውንም ስንቅ አብረው ይበላሉ።

ገጹን ገለበጠችው። እዚያ የጭነት መኪና ተገልብጦ የሰናይት ወንድም ሞቷል።

ቀና ስትል መምህር ፈንታሁን የቤታቸው ጥግ ላይ በባዶ እግራቸው ተቀምጠው እርሳስ ይቀርጻሉ። ጫማቸውን ሳያወልቁ አንድ መስመር አይጽፉም። ከጎጃም ተመድበው ሰቆጣ ከመጡ ስምንት ዓመታቸው ነው። አማርኛ ያስተምራሉ፤ ለልጆች ሁለት መጽሐፍ አሳትመዋል። ከተማው ግን ከመጽሐፎቻቸው ይልቅ ጠባያቸውን ነው የሚያውቀው። የሚጽፉት በድሮ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ «ንጹሕ ወረቀት ያስፈራኛል» ይላሉ። እርሳሶቻቸው እኩል ካልሆኑ እጃቸው አይታዘዝም፤ አንዱ ሲያጥር ተቀምጠው ሁሉንም በምላጭ ያሳጥራሉ። ከሁሉ የሚብሰው የሐዘናቸው ነገር ነው። መጽሐፋቸው ውስጥ ሰው ከሞተ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ፀጉራቸውን ተላጭተው ብቅ ይላሉ። የማያውቃቸው ሰው «እግዜር ያጥናዎ» ይላቸዋል። እሳቸውም ዐይናቸውን ሳያሹ «አሜን» ይላሉ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተላጭተው ክፍል ሲገቡ ቀድማ የቀለደችው ማስተዋል ነበረች። «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ገደሉ?» ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችው። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ውዴ ይህን ስታስታውስ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ቲቸር» አለች። «ይኼ ንጋቱ ነው?»

ምላጩ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

ውዴ ሌላ መልስ ነበር የጠበቀችው። «ፈጠራ ነው እንጂ፣ ምን ነካሽ» ይሉኛል ብላ ነበር። መምህር ፈንታሁን ተነሥተው በሩን ዘጉና ነገሯት። ከንጋቱ ጋር ሱዳን የሄደው ትእዛዙ የሚባለው ልጅ የድሮ ተማሪያቸው ነው። በትምህርት ቤቱ ፖስታ በኩል የጻፈላቸው እሱ ነበር። መኪናው ከገዳሪፍ ወዲያ ተገልብጧል፤ ንጋቱም እዚያው ተቀብሯል። ደብዳቤውን ለማስተዋል አጎት ለአቶ ዘበነ አነበቡለት። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው መከሩ። ልጅቱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪዋን ሳትፈተን መርዶው እንዳይነገር ቆረጡ። እናቷም ብትሆን አትሰማም።

«ደግ አደረጉ» አሉ መምህር ፈንታሁን። «የወንድሟ ሞት የሷን ዓመት አይብላ።»

«እና እርስዎ ጻፉት?»

«ስሙን ቀይሬዋለሁ።»

«ጥርሱንስ?»

«ጥርሱን ልተወው አልቻልኩም» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ተፈልጎ አይገኝም፣ ውዴ። ትኩሱን ካልጻፍኩት ደግሞ ይበርድብኛል። ደብዳቤውን ባነበብኩ ዕለት ተላጨሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እስኪመሽ ጻፍኩ። ሳለቅስ ነው የጻፍኩት።»

ማልቀሳቸውን አልተጠራጠረችም። የመረራትም እሱ ነው፤ ሰውየው በማስተዋል ቁስል እንጨት ሲሰዱ ከልባቸው እያለቀሱ ነበር።

«ሆድ ይፍጀው» አሉ በመጨረሻ። «ብትነግሪያት የምታበላሺው ፈተናዋን ነው። እኔን ሳይሆን እሷን አስቢ።»

ውዴ ለእሳቸው መገልበጥ ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። የእሳቸውን ጽሑፍ ሳምንት ካለፈው እሳቸውም አያነቡትም፤ አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት የሚያየው የውዴን ጽሑፍ ነው። እሷም መጽሐፍ ትዋሳለች። ከዚያ በላይ ግን አንድ ቀን፣ ሌላ ነገር እያወሩ፣ «አንቺ ጸሐፊ ትሆኛለሽ» ብለዋታል። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ምን እንደምትሆን ነግሯት አያውቅም፤ ትዳርን ካልቆጠርን።

ለማስተዋል አልነገረቻትም።

አንድ ጊዜ ልትነግራት ደርሳ ነበር። ማስተዋል በባልዲ ውኃ ፀጉሯን ስትታጠብ ነው። ውዴ ጣሳውን ይዛ ውኃ ታፈስላታለች። «ሹራቡ ሲመጣ አንቺም ትለብሺዋለሽ» አለች ማስተዋል፣ ጎንበስ እንዳለች። «እሑድ እሑድ ያንቺ ነው። አደራ ዚፑን እንዳትሰብሪብኝ፣ አንቺ እጅሽ ጤና የለውም።» ከዚያ ሳቀች። ውዴም ሳቀች። ካልሳቀችማ ትጠየቃለች። ውኃ አለቀ ብላ ጣሳውን አስቀምጣ ወጣች፤ ባልዲው ግን ግማሽ ነበር።

የሥነ ሕይወት ጥያቄ ሲጠያየቁም ሳቁ፤ የአከራያቸው ፍየል ደብተር ስትበላም ሳቁ። ውዴ ከዚያ ሰሞን በፊት እንደዚያ የሳቀችበትን ጊዜ አታስታውስም።

መምህር ፈንታሁን ደግሞ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አልፈው ነበር። ሰናይት መርዶውን የምትሰማበት ነው። «ይቺን ገጽ ገና አትገልብጫት» አሏት። «አንድ ነገር ይጎድላታል፣ አላወቅሁትም።» ውዴ ግን አነበበችው። ሰናይት «ወንድሜን!» ብላ ትጮኻለች፤ ወደ ማሳው ትሮጣለች፤ ፊቷን ትነጫለች፤ እንባዋ አፈሩን ያርሰዋል። ማስተዋል ያን ሰዓት ክፍላቸው ውስጥ ቁጭ ብላ ስለ ፎቶሲንተሲስ ታጠና ነበር። ገና ሳታለቅስ ልቅሶዋ ተጽፎ፣ ሁለቴ ታርሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል።

ፈተናው ባለቀ ዕለት አቶ ዘበነ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አህያ ይዞ ቆሞ ተገኘ። «እናትሽን ትንሽ አሟታል» አላት ማስተዋልን። እንዲህ ነው የሚባለው። ማስተዋል ፊቷ ተለዋወጠ፤ ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ቤት ሮጠች።

መምህር ፈንታሁን ውዴን በክንዷ ይዘው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዷት።

«አብረሻት ትሄጃለሽ አይደል? ጎሽ። ስሚኝ። የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደሆነ ያዥልኝ። እጇን የት እንዳደረገች። ወደየት እንዳየች። እንዳትጽፊው፣ ሰው ያይሻል፤ በልብሽ ያዥው። ጸሐፊ ዐይኑን አይጨፍንም።»

ውዴ እሺም እንቢም አላለች። እሳቸው ግን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

መንገዱ ሰባት ሰዓት ፈጀ። ማስተዋል ከአህያው ቀድማ ትሄድና ቆማ ትጠብቃቸዋለች። «ትኩሳት ነው? ትበላለች?» ትላለች። አጎቷ «ደህና ናት፣ ቀስ በይ» ይላታል፤ ዐይኖቹ ግን ከመንገዱ አይነሡም። ሲደርሱ እናቷ ወለተ ሰንበት ደጃፍ ላይ ቆመው ገብስ ያበጥራሉ። ምንም አልሆኑም። ልጃቸውን ሲያዩ ደነገጡ፤ «ምነው ሳትልኩብኝ?» አሉ። አቶ ዘበነ ወሬው የተሳሳተ ነው ብሎ አጉተመተመ። ማስተዋል በደስታ የምትይዘውን አጣች። እናቷን አቅፋ ተኛች፤ ሌሊቱን ሙሉ አልነቃችም።

ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ። ኩታቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ከመካከላቸው የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ አማኑኤል ነበሩ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ለብሶ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ ለምን እንደሚመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ወለተ ሰንበት ገና ከበሩ ሲያዩዋቸው ጮኹ። ማንም አፉን አልከፈተም ነበር። የልጃቸውን ስም በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ በሙሾ እየጠሩ ደረታቸውን መቱ፤ ወደ ኋላ ተንገዳገዱ።

ማስተዋል አልጮኸችም። እናቷ ድንጋዩ ላይ እንዳይወድቁ ከኋላ ያዘቻቸው። መቀነታቸው ተፈትቶ ነበር፤ ተንበርክካ አሰረችላቸው። ጠብቆ እንደሆነ ሞከረችና ፈታ እንደገና አሰረችው።

«እጆቿ መቀነቱን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት» የሚል ዐረፍተ ነገር በውዴ ጭንቅላት ውስጥ በጥሩ አማርኛ፣ ከነአራት ነጥቡ፣ ተሰልፎ ቆመ። አልጠራችውም፤ ራሱ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ እየተላቀሰ እሷ የጓደኛዋን እጅ ትመለከታለች። ራሷን ጠላች።

ማስተዋል ወደ አጎቷ ዞረች። «መቼ ነው?» አለች በኽምጣኛ።

«በሚያዝያ።»

ማስተዋል ትንሽ አሰበች። ከዚያ ውዴን አየቻት። «አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

ውዴ ዛሬ ነው ልትል ትችል ነበር። የሚያጋልጣት ሰው አልነበረም። ግን ይህን ሁሉ ቀን የዋሸው ያው አፍ ነው፤ ደከመው። «አሥራ ሰባት ቀን ሆነኝ» አለች።

«አሥራ ሰባት ቀን አብረሽኝ ሳቅሽ» አለች ማስተዋል።

ይህንንም በኽምጣኛ ነው ያለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ በኋላ በእናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንባዋ ያለ ምንም ድምፅ ይወርድ ጀመር። ውዴ በልቅሶው ሦስት ቀን ቆየች። ውኃ ቀዳች፣ እንግዳ አስተናገደች፣ ዕቃ አጠበች። ማስተዋል ዕቃ ስትቀበላት እንኳ ፊቷን አታያትም። በሦስተኛው ቀን ውዴ ልትሄድ ስትል ያልሸኘቻት እሷ ብቻ ነበረች።

ሰቆጣ እንደገባች ከነአቧራዋ ወደ መምህር ፈንታሁን ቤት ሄደች። ለምን እንደሄደች መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትጠይቅ መጥታለች። ሁሉንም ይዛለች። መቀነቱን፣ ጥያቄውን፣ መልሱን። እሳቸው ድንጋይ ከጫኑባት ገጽ እንደሚበልጥ ታውቃለች፤ አንድ ነገር ይጎድላታል ያሉት ይኸው ነው። ብትሰጣቸው «አላልኩሽም? ጸሐፊ ነሽ» እንደሚሏት ታውቃለች። ያንን ቃል ደግሞ መስማት ትፈልጋለች። መፈለጓ ነው ያሳፈራት።

«መጣሽ?» አሉ። ወንበር ሳቡላት፤ ውኃ በጣሳ ሰጧት፤ ጠጥታ እስክትጨርስ ግን መታገሥ አልቻሉም። «እሺ፣ ምን አለች?»

ውዴ ጣሳውን አስቀመጠች።

«እርስዎ እንደጻፉት ነው።»

«ጮኸች?»

«ጮኸች። ወደ ማሳው ሮጠች። ፊቷን ነጨች።»

«የመጀመሪያ ቃሏስ?»

«‹ወንድሜን› አለች።»

መምህር ፈንታሁን ዐይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ፊታቸው በራ፤ ልጅ ይመስላሉ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ» አሉ። «እዚሁ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳላየው ጻፍኩት። ለካ ምንም አልጎደላትም። አየሽ?»

«አየሁ» አለች ውዴ።

ገጹን ተቀበለቻቸው። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ንጹሕ ወረቀት አወጣች፤ ልጅቷ ስትጮኽ፣ ስትሮጥ፣ ፊቷን ስትነጭ፣ ሁሉንም በጥሩ ጽሑፏ ገለበጠችው። አንዲት ቃል አላረመችም።