የይርጋነሽ ዝላይ

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ እኔ ነኝ የገፋኋት!» አለች አሰጋሽ።

ይርጋነሽ ወጌሻው በሸምበቆ ያሰረላትን ክንዷን ታቅፋ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ጥርሷን ነከሰች። ይቺ ልጅ አሁን ደግሞ በንጉሥ ስም ማለች!

ቢቸና፣ እነይርጋነሽ ቤት፣ ለእርቅ ተሰብስበዋል። በአንድ በኩል እናቷ ሀብትነሽ፣ በሌላ በኩል የአሰጋሽ አባት አቶ ባዘዘው፣ መሐል ላይ ሽማግሌው አለቃ ገብረ ኪዳን ተቀምጠዋል።

ይርጋነሽ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አጥንቷ ከተወለደች ጀምሮ በቀላሉ ይሰበራል፤ ሌላው ልጅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ሲነሳ ለእሷ ወጌሻ ይጠራል። የዓይኗ ነጩ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ጎረቤቱ «ቡዳ ነው»፣ «የለም፣ ዛር ነው» ይባባላል፤ እሷ እዚያው ተቀምጣ፣ እንደማትሰማ። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን «ተይ» የሚባለው ቃል ነበር። ተይ፣ አትሩጪ። ተይ፣ እንስራውን አታንሺ። ተይ፣ ሠርግ ቤት ሰው ይጋፋል። አስተማሪው እንኳ በስፖርት ሰዓት ዛፍ ሥር አስቀምጦ የሌሎቹን ልብስ ያስጠብቃታል።

ሐሙስ ዕለት ከጓደኛዋ ከአሰጋሽ ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሰፊው ቦይ ዘንድ ደረሱ። ሌላ ጊዜ አሰጋሽ እጇን ይዛ በድልድዩ ዞረው ነው የሚሻገሩት። ያን ቀን ይርጋነሽ ደብተሯን ለአሰጋሽ አቀበለቻትና ተንደርድራ ዘለለች። ተሻገረችም። ያረፈችው ግን በክንዷ ነበር።

እናቷ ቀደም ብላ ምላ ነበር፤ «እንደ ፍየል ዘለሽ የተሰበርሽ ቀን ትምህርት ቤት አበቃ! ሞጣ፣ አክስትሽ ዘንድ ሄደሽ ትቀመጫለሽ።» አሰጋሽ ይህን ታውቃለች። ሰው ጩኸት ሰምቶ ሲሰበሰብ «ገፋኋት» ያለችው ለዚህ ነው። ማታውኑ አባቷ በአለንጋ ገረፏት። ይርጋነሽ መጀመሪያ ሕመሙ፣ በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ ዝም አሰኛት።

«ልጄ አጥፍታለች» አሉ አቶ ባዘዘው አንገታቸውን ደፍተው። «ከእንግዲህ ደጃችሁን አትረግጥም።»

አሰጋሽ ይርጋነሽን ቀስ ብላ ጠቀሰቻት። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ያ ጥቅሻ ይርጋነሽን አበገናት። ማን ለመናት? ስለ አጥንቷ እናቷ ትወስናለች፣ ወጌሻው ይወስናል፣ አሁን ደግሞ ጓደኛዋ። በዕድሜዋ አንድ ነገር በራሷ ብታደርግ እሱንም ቀሟት!

«ውሸቷን ነው» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«አልገፋችኝም። ራሴ ነኝ የዘለልኩት። ደግሞም ተሻግሬያለሁ!»

«አብደሻል እንዴ?» አለች አሰጋሽ።

«አንቺንስ ማን ጠበቃ ሁኚልኝ አለሽ? ስትገረፊ ደስ የሚለኝ መሰለሽ?»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«ሁሉም ለኔ ብሎ ነው! ሰለቸኝ!»

አለቃ ገብረ ኪዳን ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «አጥንቷ ቢሰበር ቃሏ አልተሰበረም» አሉ። አቶ ባዘዘው «እሰይ!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይርጋነሽ የባሰ ተናደደች። አጥንቷ የአለቃ መቀኛ ሆኖ አረፈው!

እናቷ ግን መሐላዋን አላጠፈችም። ቅዳሜ ይርጋነሽን በሁለት ትራስ መካከል ወትፋ በጭነት መኪና ጋቢና ላከቻት። ከመሄዷ በፊት አሰጋሽ መጣች።

«ደደብ ነሽ» አለቻት እንባዋን እየጠረገች።

«አውቃለሁ። ጀርባሽስ?»

«ድኗል። ደግሞ እኮ እውነትሽን ነው፤ ተሻግረሻል።»

ሞጣ ያሉት አክስቷ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ደግ ናቸው፤ የሚያናድደውም ደግነታቸው ነው። ግድግዳ ጥግ አጎዛ ደርበው አነጠፉና፣ «በይ እዚህ ቁጭ በይ የኔ እመቤት፤ ውሃም ቢሆን ጥሪኝ» አሉ። እሑድን ሙሉ ጠያቂ ሲጎርፍ ዋለ፤ አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ሌላው ዓይኗን ጎንበስ ብሎ ያያል። አንዲት ሴትዮ ጭራሽ አክስቷን «ምን ትበላለች?» ብለው ጠየቁ።

«እንጀራ!» አለች ይርጋነሽ።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤት ደወል ሰማች። በአንድ እጇ እየታገለች ለባብሳ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ አክስቷ።

«ትምህርት ቤት። እዚህም ሰባተኛ ክፍል አለ አይደል?»

«እናትሽ አደራ ብላኛለች! ብትሰበሪስ?»

«ልሰበር እችላለሁ፣ አክስቴ። ከአጎዛው ስነሳም ልሰበር እችላለሁ። እማዬ ከጠየቀችዎ ራሷ ናት የሄደችው ይበሏት።»

እትዬ ወለተ ኢየሱስ እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙ። ይርጋነሽ አልለመነችም፣ አላለቀሰችም፣ ወደ አጎዛውም አልተመለሰችም። ፊት ለፊታቸው ቆማ ጠበቀች። አክስቷ «ወይ ጣጣዬ!» እያሉ ቆይተው፣ ቆይተው እጃቸውን አወረዱ።

«በይ ቆይ፣ ነጠላዬን ላድርግ።»

«አይይዙኝም ግን።»

«አልይዝሽም።»

ይርጋነሽ ቀድማ ወጣች። ከኋላዋ አክስቷ «ያን አህያ ከመንገዱ ዞር አድርጉ! እናንተ ልጆች፣ አትጋፉ!» እያሉ ሰፈሩን ሲያውኩ ሰማች። ዞራ ልትቆጣቸው ከጀለችና ተወችው። የሞጣ መንገድ ድንጋይ ይበዛዋል፤ እግሯን የት እንደምታሳርፍ እያየች መራመዷን ቀጠለች።