የእትዬ ሦስት ሚሊ ሜትር

የምነግራችሁ ነገር ሆኗል። አልጨመርኩበትም፤ አላሳመርኩትም። ሥራዬ መለካት ስለሆነ በልኬት እጀምራለሁ።

ሰኞ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የላቦራቶሪው መቁረጫ ክፍል። መብራቱ በርቷል። ፀሐይ በትንሿ መስኮት ገብታለች። ሌሎቹ ምሳ ወጥተዋል።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የሰም ብሎክ አለ። ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር። ከበረዶ ላይ ስለተነሳ ቀዝቃዛ ነው። ሰሙ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ሥጋ ተጋድማለች።

ሥጋዋ ከእትዬ ምላስ የተቆረጠች ናት።

እትዬ ታላቅ እህቴ ነበረች። የሞተችው ከዚያ ሰኞ ሦስት ወር ከአራት ቀን በፊት ነው።

ሥራዬን ለማታውቁት ላስረዳ። ከታማሚ የተወሰደ ሥጋ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ብልቃጥ ይመጣልናል። ሰም ውስጥ እናስገባዋለን። ሰሙ ሲጠነክር በማሽን እንቆርጠዋለን። የአንድ ቅጠል ውፍረት አራት ማይክሮን ነው፤ ማለትም የሚሊ ሜትር ሺህኛ አራት ጊዜ። የሽንኩርት ልጣጭ አጠገቡ ሲታይ ብርድ ልብስ ነው። ቅጠሉን መስተዋት ላይ አንጥፈን ቀለም እናጠጣዋለን። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያነበዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ።

ሥጋው ሰም ውስጥ ሲገባ መቆም አለበት። ከቆመ፣ ቢላዋው ከላይ እስከ ታች ያለውን ንብብር ሁሉ ያሳያል። ከተጋደመ ግን የሚታየው የላዩ ሽፋን ብቻ ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

የእትዬን አጋደሙት።

ያጋደሙት ጋሼ ሰም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሰም ሲያቀልጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። "ሰሙ የኔ፣ ወርቁ የሐኪሙ" እያሉ ይቀልዱ ነበር። በእኛ ክፍል የዘመድ ሥጋ በዘመድ እጅ አይነካም። ስለዚህ የእትዬ ብልቃጥ ሲመጣ በገዛ እጄ አቀበልኳቸው። ዓይናቸው እንደደከመ አውቅ ነበር። እንጀራቸውን ላለማሳጣት ዝም አልኩ።

እሳቸውን ይቅር ብያለሁ። ራሴን ገና ነኝ።

ሊቁን ግን...

ሊቁ የምንለው አለቃችንን ነው፣ አንባቢ ሐኪሙን። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ አንቱታውን አላባክንም።

ከምሳ በፊት አርባ መስተዋት ይጨርሳል። አንዱን አራት ሰከንድ ያየዋል። በሰዓቴ ቆጥሬዋለሁ። ሽፋን ብቻ የታየበት መስተዋት ሲያጋጥመው "ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ" ብሎ ይመልስልናል። ሕጉ ይኸው ነው። ሦስት ቃል።

የእትዬ ሲደርስ ግን ሦስት ቃል ከበደው። "ጤናማ ሽፋን። የሚያሰጋ ነገር የለም" ብሎ ፈረመ።

እትዬ ወረቀቱን ይዛ ሰፈሩን ዞረች። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ አፏ ስለማያርፍ ጎረቤት ሬዲዮ ይላታል። በስምንተኛው ወር ሬዲዮው ተዘጋ። ምላሷ አፏን ሞላው። የመጨረሻውን ሳምንት በጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፈች ነው ያወራችኝ።

ኮሌጅ እያለሁ የምታስጠናኝ እሷ ነበረች። የሰው ሕብረ ሕዋስ አራት ዓይነት ነው፤ አልሸመደድ ብሎኝ አለቀስኩ። ድስቱን እያማሰለች በራሷ ቋንቋ አስያዘችኝ። ሸፋኙ ያለብሳል፣ እንደ ቆዳ፣ እንደ አፍ ውስጠኛ ልባስ። አገናኙ ያያይዛል፣ እንደ ጅማትና አጥንት። ጡንቻው ይጎትታል። ነርቩ...

"ነርቩ ወሬ ያቀብላል፤ እኔ ማለት ነኝ" አለችና ሳቀች። "በቃ አታኩርፊ፣ ኩርፌ።"

ኩርፌ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

አቤቱታ አስገባሁ። አጣሪዎቹ ዓርብ ይሰበሰባሉ፤ ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ሊቁ ብሎኩ ተቆርጦ አልቋል አላቸው። ዋሸ። ከቁም ሣጥኑ የታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ መዝገቦች ኋላ አገኘሁት። ስለዚህ ምሳዬን ትቼ፣ የዘመድ ሕጉንም ጥሼ ለመቁረጥ ተቀመጥኩ።

ያለኝ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ቆርጬ ጨርሼ ምንም ካላገኘሁ እትዬ በወረቀት ላይ ጤነኛ ሆና ሞተች ማለት ነው።

ሰኞ መቶ ቅጠል ቆረጥኩ። ሽፋን። ሽፋን። ሽፋን። ሊቁ ያየው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ለማየትም አልደከመም።

መቶ ቅጠል አራት መቶ ማይክሮን ይበላል። ሁለት ነጥብ ስድስት መቅረት ነበረበት።

ለካሁት።

ሦስት።

አሳስቼ አንብቤ ነው አልኩ። ንዴት ዓይን ይጋርዳል። እንደገና ለካሁ።

ሦስት።

ማክሰኞ፣ በዚያው ሰዓት። ብሎኩን ከበረዶው ላይ ሳነሳው ለብ ያለ ነበር። በረዶው አልቀለጠም።

ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ሥጋው እንደ ትናንቱ አልተጋደመም። አንድ ጫፉ ወደ ታች ወርዷል። በማዕዘን መለኪያ ለካሁት፤ ሠላሳ ዲግሪ።

ጠንካራ ሰም ውስጥ ያለ ሥጋ አይዞርም። ሊዞር አይችልም።

ጋሼ ሰም አቅልጠው መልሰውት ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ብሎክ በጣታቸውም አልነኩት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው...

"ልጄ፣ ተይው።"

"ለምን?"

"ትናንት ማታ መሳቢያውን ልቆልፍ ስል... ከውስጥ ጋሼ የሚል ድምፅ ሰማሁ።"

እያረጁ ነው አልኩና መቶ ሃያ ቅጠል ቆረጥኩ። ከሽፋኑ ሥር አገናኙ ብቅ አለ። ሮዝ ክር በክር ላይ ተጋድሞ፣ የተበጣጠሰውን ሊያያይዝ እንደሚታገል።

ለካሁ። ሦስት።

ረቡዕ። ሥጋው ስልሳ ዲግሪ ቀና ብሏል።

መቶ ሃምሳ ቆረጥኩ። ጡንቻው መጣ። የተቆረጠ ቅጠል ለብ ያለ ውኃ ላይ ሲጣል ይዘረጋል። መቼም ቢሆን ይዘረጋል። ይሄኛው ተዘረጋ... ከዚያ ተሰበሰበ። እንደገና ተዘረጋ። ተሰበሰበ።

ሊውጥ እንደሚሞክር ጉሮሮ።

"ምንድን ነው የምትሠሪው?"

ሊቁ በሩ ላይ ቆሟል። ጋዋኑ ላይ እጥፋት የለም።

"የእርስዎን ሥራ" አልኩት።

ብሎኩን አየ። ፊቱ ደም መሰለ። የሆስፒታሉ ንብረት እንደሆነ፣ እኔም ከሥራ ልባረር እንደምችል ረጋ ብሎ ነገረኝ። ነገ ስድስት ተኩል ላይ የማስወገጃ መዝገቡን ይዞ መጥቶ ወደ ማቃጠያው ይልከዋል።

"ሥጋ ነው እንጂ እህትሽ አይደለችም" አለ።

"በአራት ሰከንድ ነው ያወቁት?"

የሄደው ጫማው እየጮኸ ነው። ውኃው ላይ ያለው ቅጠል በእያንዳንዱ እርምጃው ልክ ይሰበሰብ ነበር። ቆጠርኩ። አሥራ አራት እርምጃ፣ አሥራ አራት ጊዜ።

ሐሙስ በስድስት ሰዓት ገባሁ።

ቆማለች።

ዘጠና ዲግሪ። ለዓመታት ስንት ሥጋ በእጄ አቁሜያለሁ፤ እንደዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ አላየሁም።

አርባ ሁለት ቆርጬ አንዱን ቀለም አጠጣሁ። አራቱም በአንድ መስተዋት ላይ ወጡ። ከላይ የሚያለብሰው። ቀጥሎ የሚያያይዘው። ከሥሩ የሚጎትተው። በጡንቻው መሐል ደግሞ ካንሰሩ፤ ወይን ጠጅ ጎጆ፣ ሌላ ጎጆ፣ ሌላ። አንዱን ነርቭ ዙሪያውን አንቆታል።

ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ነበር። ሽፋኑ ሥር። ሦስት ቃል ርቀት ላይ።

ስድስት ተኩል ላይ ሊቁ መዝገቡን ይዞ ገባ። ከወንበሬ ተነሳሁለት።

"ይዩ" አልኩት። "ከዚያ ይውሰዱት።"

ሊያጣጥለኝ ፈገግ ብሎ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገ። ሰዓቴን አየሁ።

አራት ሰከንድ።

አሥር።

አርባ።

"ቀለሙ... አልደረቀም እንዴ?" ድምፁ ቀጥኗል።

"ደርቋል።"

"ታዲያ ለምን..."

ጣቱ ማስተካከያው ላይ ደርቆ ቀረ። አንገቱ ላይ ላብ ወረደ።

"ዓይንዎን ያንሱ" አልኩት።

"አልቻልኩም።"

እየቀለደ አልነበረም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፊቱ ግን ከማይክሮስኮፑ አይላቀቅም። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ጀምሬያለሁና፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

"ኩርፌ... ማን ናት?"

ደስታው ከላዬ ላይ ወረደ። ሥራ ቦታ ያን ስም የሚያውቅ ሰው የለም። ጋሼ ሰምም አያውቁም። ወረቀት ላይ ተጽፎ አያውቅም።

"ማን ነገረዎት?"

"አራተኛው። ነርቩ።"

"ምን ትላለች?"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የወጣው ድምፅ የራሱ ነው። አነጋገሩ ግን ቃሉን እየጎተተ፣ ለሕፃናት ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ነበር።

"አሁን... ታየሁ?"

ከዚያ ተላቀቀ። ከወንበሩ ጋር ወደቀ። በዓይኑ ዙሪያ ክብ ቀይ ምልክት ቀርቶበት ነበር። ሳይነሳ፣ መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ ወረቀት ስጪኝ አለ። አዲሱን ውጤት በእጁ ጽፎ ፈረመ።

ዓርብ አጣሪዎቹ መስተዋቱን አዩ። ምንም ሲንቀሳቀስ አላዩም። ካንሰሩን አዩ፤ በቂ ነው አሉ። ፍርዳቸው ለሊቁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ግማሽ ገጽ። ደብዳቤው ላይ የእትዬ ስም በስህተት ተጽፏል።

ሊቁ አሁንም ያነባል። ከምሳ በፊት የሚጨርሰው ግን አንድ መስተዋት ብቻ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እንደሚያነብ ሰው አይደለም...

እንደሚመልስ ሰው ነው።

ብሎኩን ማስረጃ ስለሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪው አሉኝ። አኖርኩት። በአራት ቀን አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅጠል ቆርጬበታለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ ሊተርፍ አይገባም ነበር።

ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከፈትኩት። የፕላስቲክ ዕቃው ክዳን ከውስጥ በኩል ጤዛ አውጥቷል። ጤዛው አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል።

ለካሁ። ሦስት ሚሊ ሜትር።

ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ሰሙ ላይ አሳረፍኩት።

ማቀዝቀዣው አራት ዲግሪ ነው።

ብሎኩ ሠላሳ ሰባት።