ንግሡ እስኪያልፍ

መምሬ ገብረ ጻድቅ የሞቱት በሚካኤል ንግሥ ማግስት ነው። አስከሬናቸው ገና ከአልጋው ሳይነሣ ልጃቸው ኪዳኑ በባጃጅ ሰቆጣ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰና «አባቴን ነርሷ ገደለችብኝ!» ብሎ ጮኸ። ነርሷ ሲስተር እየሩስ ናት፤ ለመምሬ የሽንት ቱቦ ያስገባችላቸው። ጩኸቱ ሲበዛባት ኢንስፔክተር ውባንቺ ልጅቷን አሰረቻት። አሰረቻት እንጂ አላመነችበትም፤ ነገሩ ሲቆጠቁጣት አደረ።

ሲነጋ ሆስፒታል ሄዳ የመምሬን ሐኪም ጠየቀችው።

«ሕመማቸው ምን ነበር?»

«ፕሮስቴት። በሽማግሌ ወንድ ላይ እጢው ያብጥና የሽንቱን መንገድ ያንቀዋል። መጀመሪያ ኪኒን ሰጠናቸው፤ ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ለሳቸው አልበቃም። ጨርሶ ሲዘጋባቸው ቱቦ ገባላቸው። የቀረው ኦፕራሲዮን ነበር፤ እጢው ይቀነስና ቱቦው ይወጣል። ቀጠሮ ብንሰጣቸው ቤተሰቡ 'ከንግሡ በኋላ ይሁን' አለ።»

«ቱቦው ተደፍኖ ነው የሞቱት?»

«የሚገርመው እሱ ነው። አስከሬኑን ስንመረምር ፊኛቸው ተወጥሮ ቆይቷል፣ ሽንቱም ወደ ኩላሊት ተመልሷል፤ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ቱቦው ግን ውኃ ስናፈስበት ኩልል ብሎ ያልፋል።»

ውባንቺ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ይዛ አገላበጠችው። ሽንቱ ከሚጠራቀምበት ከረጢት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የዞረ ቀጭን ስርጉድ አለበት። ስርጉዱ ውስጥ ጥቁር የክር ብናኝ ተጣብቋል። በወረቀት ጠቀለለችው።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ቄስ እንግዳውን ከድንኳኑ ጥግ አገኘቻቸው። መምሬ ከታመሙ ወዲህ በመቅደስ የተተኩት እሳቸው ናቸው፤ መንደሩም «ቦታቸውን ፈለገ» እያለ ያማቸዋል።

«መምሬ በንግሡ ቀድሰው ነበር አሉ?»

«ቀድሰዋል። ፈሳሽ የሚወርደው ቄስ መቅደስ አይገባም፤ ስንት ወር ከውጭ ቆመው ሲያለቅሱ ከረሙ። የዚያን ዕለት ግን 'ዛሬ አይፈስም' አሉኝ። ዳኑ ብዬ ደስ አለኝ እንጂ መቼ ጠየቅኩ! እኔም አለሁበት።» ይህን ብለው «አንዴ ይቅርታ» አሉና ወደ ጓሮ ሄዱ። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ደግመው ሄዱ። ውባንቺ ይህንንም አየች።

ኪዳኑ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ኦፕራሲዮኑን ማን አስቆየው?»

«እናቴ ቢላ ፈራች። እኔም አዝመራ ላይ ነበርኩ፤ 'ንግሡ ይለፍ' ስትል ደስ አለኝ።»

«ታዲያ ጩኸትህ ሁሉ በነርሷ ላይ ነው?»

ኪዳኑ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ።

የመምሬ ባለቤት ወለተ ሰንበት ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ከረጢቱን የሚያፈሰው ማን ነበር?»

«እኔ። ሌላ ሰው እንዲያይባቸው አይወዱም።»

«በንግሡ ዕለትስ?»

«ያው… እኔ።» ነጠላቸውን ሳብ ሲያደርጉ መስቀላቸው ብቅ አለ። በመርፌ ቁልፍ ቀሚሳቸው ላይ ተሰክቷል።

በሣልስቱ ውባንቺ እየሩስን ይዛ መጣች። ኪዳኑ ዘሎ ተነሣ።

«ቁጭ በል!» አለችው። «ቱቦው ክፍት ነው፤ ፊኛው ግን ሞልቶ ነበር። እንግዲያው አንድ ነገር ዘግቶት ቆይቶ ኋላ ተነሥቷል። ምልክቱ የክር ነው፤ ታስሮ ነበር ማለት ነው። ጠላት ቢያስረው መምሬ እጃቸው ይደርሳል፣ ይፈቱት ነበር። ስለዚህ ወደው ነው ያሳሰሩት። ለምን? 'ዛሬ አይፈስም' ብለው ሊቀድሱ! ሲስተር እየሩስ ደግሞ ቱቦውን ካስገባች ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጠችም። ቱቦውን የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ መስቀልዎን በመርፌ ቁልፍ ሰክተዋል፤ ማተብዎ የት ሄደ?»

የወለተ ሰንበት እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ። ማተብ ከክርስቲያን አንገት እስከ መቃብር አይለይም፤ ድንኳኑ ሁሉ ያንን ባዶ አንገት አየ። ከመቀነታቸው ጥቁር ክር አወጡ።

«እሳቸው ናቸው 'እሰሪልኝ' ያሉኝ። ያሰርኩበት የአንገቴን ማተብ ነው፤ እሱስ ይባርካቸዋል ብዬ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ልፈታ ስል 'ዘመድ ተሰብስቦ ከረጢት አንጠልጥዬ አልታይም፣ ይቆይ' አሉ። ሌሊት ሲያተኩሳቸውና ሲቃዡ ወባ መሰለኝ፤ ክሩን ጨርሶ ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ዓይናቸውን ስከድን ነው!» ደረታቸውን መቱ። «ፈታሁና ደበቅሁት። ይቺ የሰው ልጅ ስትታሰርም ዝም አልኩ። ቢላ ፈርቼ ክር አመንኩ፣ ወይኔ!»

ኪዳኑ እየሩስ እግር ላይ ወደቀ። እሷ አነሣችውና እያለቀሰች «እኔም 'አይጎተት' አልኩ እንጂ 'አይታሰር' አላልኩም። ማን ያስረዋል ብዬ!» አለች።

«ነጻ ነሽ፤ እኔንም ይቅር በዪኝ» አለቻት ውባንቺ። ከዚያ ወደ ወለተ ሰንበት ዞረች። «ቃልዎን ነገ ጣቢያ መጥተው ይሰጣሉ፤ ዛሬ ሣልስትዎን ይዋሉ።»

ውባንቺና እየሩስ ከግቢው ሲወጡ ቄስ እንግዳው ከኋላ ደረሱባቸው። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየሩስን ጠየቋት።

«ልጄ፣ ያ መምሬ የወሰዱት የሽንት ኪኒን… ለኔም ይሆነኝ ይሆን?»

«ሐኪሙ ይይዎት፣ አባ። ነገ ይምጡ።»

«ነገማ ማኅበር አለብኝ፤ ማኅበሩ ይለፍና…» ብለው ጀመሩ። ከድንኳኑ የወለተ ሰንበት ልቅሶ ይሰማል። ቄሱ አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ዳበሱ።

«የለም» አሉ። «ነገ እመጣለሁ።»