በብርሃን የሚጠፋ ቀለም

የድንጋይ ተመራማሪው ሽማግሌ በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። የተመቱበት አመድማ ድንጋይ ለሁለት ተከፍሎ ከራስጌያቸው ወድቋል። የጠረጴዛው መብራት እንደበራ አድሯል።

ሬሳው ሲነሳ መርማሪዋ ከደረታቸው ሥር ጥፍር የምታክል ስባሪ አገኘች፤ ደማቅ ወይን ጠጅ። ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች። ቀለሟ መዳፏ ላይ ቀስ እያለ ሞተና አመድ መሰለች።

መጀመሪያ የሟቹን ልጅ አነጋገረች።

«ጠዋት ስገባ አባዬ ወድቋል። ጮኼ ወጣሁና በሩን ቆለፍኩት። እናንተ እስክትመጡ ማንም አልገባም፤ ባሌም፣ አጎቴም።»

አጎትየው ዓይኑ ደም መስሏል። «ድንጋዩን ትናንት አመሻሽ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ላዩ አመድ ነው። ‹ነገ አብረን እንሰብረዋለን› ብሎ ሸኘኝ።»

የልጅቱ ባል በአቅራቢያው ያለው የማዕድን ማውጫ ኢንጂነር ነው።

«አማትዎን መቼ አገኟቸው?»

«ከሳምንት በላይ ሆነኝ። ሥራ መፈናፈኛ አሳጥቶኝ።»

«በምን እንደተገደሉ ሰሙ?»

«በዚያ ወይን ጠጅ ድንጋይ ነው አሉ። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰብስባ፣ የድንጋዩን አንድ ጠርዝ በመዶሻ መታች። ውስጡ ወይን ጠጅ ነው። ከመብራቱ ሥር አኖረችው። ሁሉም እያዩት ቀለሙ ከሰመ።

«ድኝ ነው» አለ አጎትየው። «ያን ቀለም የሚሰጠው በውስጡ የታፈነ ድኝ ነው። ብርሃን ሲነካው ይጠፋል።»

«እንግዲህ ልብ በሉ» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ሲመጣ አመድ ነበር። መብራት ሲበራበት ስላደረ ዛሬ ጠዋትም አመድ ነበር። ወይን ጠጅ የነበረው አናታቸው ላይ በተሰበረ ጊዜ፣ ለአፍታ ብቻ ነው። ያገኘኋትን ስባሪም ለማንም አላሳየሁም። ኢንጂነር፣ ቀለሙን ማን ነገረዎት?»

ኢንጂነሩ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«አባዬ ምን አደረገህ?» አለች ሚስቱ።

«የማውጫውን ዋሻ ድንጋይ መርምሮ ጣሪያው ይደረመሳል አለኝ። ‹ነግቶ ለሠራተኞቹ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አለ። ሥራው ከቆመ እኔ አለቀልኝ ማለት ነው።»

«ሠራተኞቹ አሁን የት ናቸው?»

ኢንጂነሩ አቀረቀረ። «ውስጥ።»

ልጅቱ የባሏን ስልክ ነጥቃ ወደ ማውጫው ደወለች። «ውጡ! ዋሻው ይደረመሳል፤ አባቴ ነው ያለው፣ ሁላችሁም ውጡ!»

ከስልኩ ማዶ የማንቂያ ደወል ጩኸት ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ምድር አጉረመረመች፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰው እያሳለ «ወጥተናል» አለ። «የቀረ ሰው የለም። አባትሽን አመስግኚልን።»

ልጅቱ ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።